የወንድሜ ኩላሊት ሆኖ ሳለ ሰውነቴ ለምን ተቆጣ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ባለፈው እትም ስለ ኩላሊት እጥበት ከጻፍኩ በኋላ ከሰሜን ሸዋ የሚመጣው ጥያቄ በረከተ። ከመሐል ሜዳ አለ፣ ከደብረ ብርሃን አለ፣ ከአረርቲ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ንቅለ ተከላ ነው። አንዱን ደብዳቤ ግን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፤ ስለዚህ የገጹን ትልቁን ድርሻ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ፣ ለእናንተም ከታች መልስ አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ከመሐል ሜዳ። ከአምስት ወር በፊት ታናሽ ወንድሜ ኩላሊቱን ሰጥቶኛል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ምርመራው ሲመጣ «በደንብ ትገጥማላችሁ» ተባልን፣ ደስ አለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ሽንቴ ቀስ እያለ ነው የመጣው፣ ክሬቲኒኔም፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ ቶሎ አልወረደልኝም። ሐኪሙ «ሪጀክሽን፣ ማለትም ሰውነትህ ኩላሊቱን ባዕድ ብሎ መግፋቱ፣ አይደለም፤ ኩላሊቱ ደም ሳያገኝ በቆየበት ሰዓት ትንሽ ተጎድቶ ሰውነትህ ተቆጥቶበት ነው» አለኝ። አሁን ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገሩ ግን ከሐሳቤ አልወጣም። የእናቴ ልጅ ነው። ደሙ ደሜ ነው። ሰውነቴ በምን ተቆጣ? ወንድሜም ይህን ሰምቶ «የእኔ ነገር አልስማማህ ብሎ ነው» እያለ ያዝናል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። መጀመሪያ ለታናሽህ ልመልስ፤ ከአንተ ክሬቲኒን ይልቅ የእሱ ሐዘን ነው ያሳሰበኝ። እንዲህ በለው፦ ሰውነቴ የተቆጣው በአንተ አይደለም። በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ሰውነቴ ኩላሊቱ የማን እንደሆነ ገና አልጠየቀም ነበር።

እንዴት ሆኖ? በገጠራችን ሌሊት ከአንድ ቤት ኡኡታ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ጎረቤት ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። የጮኸው ዘመድ ነው ወይስ ባዳ፣ ጥፋቱስ የማን ነው ብሎ የሚቆም የለም። ኡኡ ከተባለ ይሮጣል፣ በቃ። በጨለማ ሲሮጥ ደግሞ አጥር ይሰብራል፣ የተዘራውን ይረግጣል፣ አንዳንዴም መመታት የሌለበትን ይመታል። ሽማግሌው የሚደርሰው ሲነጋ ነው። ቁጭ ብሎ «የማን ልጅ ነህ? አያትህስ? ቅድመ አያትህስ?» የሚለው እሱ ነው። ይህን ደግሞ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ድሮ የርስት መሬት ለመጠየቅ አጥንት እየቆጠሩ እስከ አቅኒው አባት መድረስ ግድ ነበር።

የሰውነታችን መከላከያም እንደዚሁ ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው አብሮን የሚወለደው ነው፣ ተፈጥሯዊ መከላከያ ይሉታል። ኡኡታ ሰምቶ የሚሮጠው እሱ ነው። ሁለተኛው በሕይወት ዘመናችን እየተማረ የሚሄደው ነው፤ ቲ ሴልና ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ቢ ሴል እዚያ ውስጥ ናቸው። አጥንት ቆጣሪው ሽማግሌ ይሄኛው ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተመረመራችሁት ለሽማግሌው ነው። ኤች ኤል ኤ የሚባሉት በሕዋሶቻችን ላይ ያሉ የማንነት ምልክቶች ከእናትና ከአባት ይወረሳሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። በግማሽ የመግጠማቸው ከ4 ሁለት ነው። ጨርሶ ያለመግጠማቸውም ከ4 አንድ ነው። እናንተ ጥሩው ደረሳችሁ። ሯጩ ግን ይህን ሁሉ አያነብም።

ታዲያ የጮኸው ማን ነው? ራሱ ኩላሊቱ ነው።

ከወንድምህ ሆድ ሲወጣ የደም ሥሩ ተቆንጥጦ ተይዟል። ደም ከቆመ ኦክስጅን ቆመ። ሐኪሞቹ ወዲያው በቀዝቃዛ ፈሳሽ ያጥቡታል፣ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያቀዘቅዙታል፤ የኅዳር ሌሊት የደብረ ብርሃን ብርድ በለው። ብርዱ የሕዋሶቹን ርሃብ ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። ሕዋስ ጉልበቱ ሲያልቅ ጨውና ውሃውን የሚመጥንበት ፓምፕ ይቆማል፣ ያብጣል። ውስጡም ሰክሲኔት የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ከዚያ ኩላሊቱ አንተ ጋ ይገጠምና መቆንጠጫው ይፈታል። ደሙ ገባ፣ ኩላሊቱ ቀላ፣ ሁሉም ሰው ደስ አለው። ጉዳቱ ግን ያኔም ይቀጥላል። ሁዳዴን በሙሉ የጾመ ሆድ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥና ክትፎ በአንዴ ሲወርድበት እንዴት እንደሚሆን አስበው። የተጠራቀመው ሰክሲኔት በድንገት ሲቃጠል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ፣ የተዳከሙትን ሕዋሶች ያቆስላሉ፣ አንዳንዱም ይፈነዳል።

ሲፈነዳ ውስጡ የነበረው ይፈስሳል። ኡኡታው ይሄ ነው። ኤ ቲ ፒ፣ ዩሪክ አሲድ፣ ኤች ኤም ጂ ቢ 1 የሚባል ፕሮቲን፣ የተበጣጠሰ ዲ ኤን ኤ። እነዚህ ሁሉ በሕዋስ ውስጥ ሲሆኑ የቤት ዕቃ ናቸው፣ ውጭ ሲታዩ ግን ቤት ፈረሰ ማለት ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ማይቶኮንድሪያ ነው። የሕዋሳችን ጉልበት የሚመረትበት ይህ ክፍል ከቢሊዮን ዓመት በፊት ለብቻው የሚኖር ባክቴሪያ ነበር፤ ዛሬም የራሱ ዲ ኤን ኤ አለው፣ ያም የባክቴሪያ ይመስላል። ስለዚህ ከተጎዳ ሕዋስ ሲፈስ ጠባቂዎቹ «ባክቴሪያ ገባ!» ብለው ይነሳሉ። ምንም ጀርም በሌለበት፣ ንጹሕ በሆነ ቀዶ ጥገና ውስጥ። ይህን ስማር ቁጭ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ጩኸቱን የሚሰሙት ተቀባዮች ቶል መሰል ተቀባይ ይባላሉ፣ በጠባቂ ሕዋሶች ላይና ውስጥ ይገኛሉ፣ በራሱ በኩላሊቱ ሕዋሶችም ላይ አሉ። ቻርልስ ጄንዌይ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰውነት እንዲህ ያሉ ተቀባዮች ሊኖሩት ይገባል ብሎ ገና ሳይገኙ ተናግሮ ነበር። ከእነሱ ጋር የተያያዘው ግኝት በ2011 ኖቤል አሸልሟል፣ እሱ ግን ያኔ በሕይወት አልነበረም። በ1994 ደግሞ ፖሊ ማትዚንገር የምትባል ሳይንቲስት ሌላ ነገር አነሳች። መከላከያችን ዋና ጥያቄው «የራሴ ነው ወይስ የባዕድ?» ሳይሆን «አደጋ አለ ወይ?» ነው አለች። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ቫልተር ላንድና ባልደረቦቹ ከሞተ ሰው ኩላሊት ለሚቀበሉ ሕሙማን በቀዶ ጥገናው ሰዓት እነዚያን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች የሚያከሽፍ ኢንዛይም ሰጡ፣ ኢንዛይሙን ካገኙት ዘንድ አጣዳፊው ሪጀክሽን መቀነሱንም ጻፉ። ልብ በል፣ ኢንዛይሙ ቲ ሴልን የሚነካ መድኃኒት አይደለም። የቀነሰው ጉዳቱን ነው። ጉዳቱ ሲቀንስ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ጩኸቱ ሲቀንስ ሽማግሌውም በቁጣ አይነሳም።

የሚሮጡትን ባጭሩ ላስተዋውቅህ። በደም ውስጥ ተበትኖ ያለው ኮምፕሊመንት የሚባል የፕሮቲን ስብስብ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል፤ የሕዋስ ግድግዳ መብሳት ይችላል፣ ሌሎችንም ይጠራል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች በሰዓታት ውስጥ ይጎርፋሉ፣ ቀጭኖቹን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፣ የያዙትን ኬሚካል ይረጫሉ። የአንተ ሽንት የዘገየው በከፊል እንዲህ ባለው መጨናነቅ ነው። ናቹራል ኪለር የሚባሉት ሕዋሶች ደግሞ መታወቂያ የሚያዩ ናቸው፤ የሚያውቁትን መታወቂያ ያላሳየ ሕዋስ ላይ ይነሳሉ። ቀጥሎ ማክሮፌጆች አሉ። ስለ እነሱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጠላት አድርጎ ያያቸዋል። የሞተውን የሚበሉት እነሱ ናቸው፣ እብጠቱን የሚያነሳሱትም እነሱ ናቸው፣ ግን ቆይተው ቤቱን የሚጠርጉትና የፈረሰውን የሚጠግኑትም እነሱው ናቸው። አንተ የዳንከው በከፊል በእነሱ ሥራ ነው። ችግር የሚመጣው ጥገናው ማቆሚያ ሲያጣ ነው፤ ያን ጊዜ በኩላሊቱ ውስጥ ጠባሳ ይሠራሉ፣ ጠባሳ ደግሞ ደም አያጣራም።

በሯጮቹና በሽማግሌው መካከል መልእክተኛ አለ፣ ዴንድሪቲክ ሴል ይባላል። በኩላሊቱ ውስጥ ተቀምጦ አካባቢውን ይቃኛል። ሰላም ከሆነ ዝም ይላል። ኡኡታ ከሰማ ግን ያገኘውን ይዞ ወደ ንፍፊትና ወደ ጣፊያ ይሄድና ለቲ ሴል ያሳያል። የአንተ ሐኪም የመጀመሪያውን ጉዳት በጥንቃቄ የተከታተለው ለዚህ ነው። ዛሬ የሚደርስ ጉዳት ከሳምንታት በኋላ ለሚመጣ ሪጀክሽን በር ሊከፍት ይችላል።

ወንድምህን አሁንም ካላሳመንከው የመንትዮቹን ታሪክ ንገረው። ታኅሣሥ 14 ቀን 1947 በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 23 ቀን 1954፣ ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪ የተባለ ሐኪም ከሮናልድ ሄሪክ የተወሰደውን ኩላሊት ለመንትያው ለሪቻርድ ተከለ። ለረጅም ጊዜ የሠራ የመጀመሪያው የሰው ኩላሊት ንቅለ ተከላ ይሄ ነው። አንድ ዓይነት መንትዮች ነበሩ፣ አጥንት ቢቆጠር ልዩነት የለም፣ ስለዚህ ሽማግሌው ምንም አላለም፣ ሪቻርድም 8 ዓመት ኖረበት። እንደዚህ ባሉ መንትዮች መካከልም ቢሆን ግን ኩላሊቱ ደም ሳያገኝ ከቆየ ያብጣል፣ ኒውትሮፊል ይጎርፍበታል። ሰውነት ከራሱ አካል ጋር እንኳን እንዲህ ያደርጋል። የልቡ የደም ሥር በድንገት የተዘጋበት ሰው ሲከፈትለት በራሱ ልብ ላይ ያው ቁጣ ይደርሳል። በራስ ልብ የሚደርሰው በወንድም ኩላሊት ቢደርስ የወንድም ጥፋት ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። ሯጮቹ ጭራሽ ዘር አያውቁም ማለትም ልክ አይደለም። በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሞኖሳይት የሚባሉት የተፈጥሯዊው መከላከያ ሕዋሶች ቲ ሴልና ቢ ሴል በሌሉበት እንኳን የባዳ ሕዋስን መለየት እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ አንዴ ያዩትን ባዳ ለተወሰነ ጊዜ እንደሚያስታውሱ ታየ። ትልቅ ዜና ነው፣ ምክንያቱም ትዝታ የሽማግሌው ብቻ ነው ተብሎ ነበር ለብዙ ዘመን የምንማረው። የአንተን የመጀመሪያ ቀናት ግን ይህ አይለውጠውም። ሐኪምህ የነገረህ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን። እኔ ኩላሊቴን ልስጠው እላለሁ። ዘመዶቹ ግን «ሚስት ባዳ ናት፣ የባዳ ኩላሊት አይበረክትም» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፣ ጫጫን ሳያልፉ ጣት የሚያደነዝዘውን ብርድ ጭምር። ዘመዶቹ ክፋት አስበው አይመስለኝም፤ ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም የሚያምኑት እንደዚያ ነበር።

በ1995 እ.ኤ.አ. ፖል ተራሳኪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የተደረጉ ንቅለ ተከላዎችን መዝገብ አገላብጠው አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ከትዳር ጓደኛ ከተሰጠ ኩላሊት ከ3 ዓመት በኋላ የሚሠራው 85 በመቶ ነበር። ከወላጅ የተሰጠው 82 በመቶ። ከሞተ ሰው የተወሰደው 70 በመቶ። ባልና ሚስት በኤች ኤል ኤ የሚገጥሙት ከሁሉም ያነሰ ነበር፣ ግን ውጤታቸው ከወላጅ እኩል ሆነ። ለምን? ከጤነኛ ሰው በቀጠሮ የሚወጣ ኩላሊት ብዙ አይጎዳም፤ ሰጪና ተቀባይ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው፣ ኩላሊቱ ያለ ደም የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ከሞተ ሰው የሚወሰደው ግን አንጎል ሲሞት በሚነሳው እብጠት ገና ሳይወጣ ተጎድቷል፣ ከዚያም ብዙ ሰዓት በበረዶ ይቆያል። ከላይ ለመንዙ ወንድሜ ስለ ኡኡታው የነገርኩት ማለት ነው። ያልተጎዳ የባዳ ኩላሊት የተጎዳውን ሊበልጠው ይችላል።

ይህ ማለት መግጠም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ወንድም ወይም እህት ካለ አሁንም ከሁሉም ይቀድማል። የደም ዓይነታችሁ መስማማት አለበት፣ ክሮስማች የሚባለው ምርመራም መደረግ አለበት፤ በእሱ ደሙ ውስጥ አንቺን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ ካለ፣ ኮምፕሊመንት ከዚያ ጋር ተባብሮ ኩላሊቱን በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። ከሚስት ወደ ባል ሲሆን አንድ ነገር ይቀላል። ባል ለሚስት ሲሰጥ፣ እሷ ከእሱ ያረገዘች ከሆነች፣ በእርግዝናው ጊዜ ሰውነቷ የእሱን ምልክት አይቶ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ ሊሆን ይችላል። በአንቺ በኩል ይህ ሥጋት የለም።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው፣ ሰጪውም በሕይወት ያለ ሰው ነው። ማን መስጠት እንደሚችል ሕግ አለው፣ የጋብቻ ማስረጃም ልትጠየቂ ትችያለሽ፤ እሱን ከማዕከሉ ቀርበሽ ጠይቂ። የአንቺም ጤና በደንብ ይመርመር፣ ስኳርና ደም ግፊት በተለይ። «ለእሱ ስል እኔ ምንም ልሁን» እንዳትዪኝ። ሁለታችሁም ናችሁ መኖር ያለባችሁ።

ጥያቄ፦ ከአረርቲ። ንቅለ ተከላ ካደረግኩ ስምንት ወሬ ነው። ሰው ሁሉ በሽታ የመከላከል አቅምህን ጨምር ይለኛል። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድ... እየቀላቀልኩ ጀምሬያለሁ። ለገናስ ቁርጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅልቅሉን ዛሬውኑ አቁምልኝ። በወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት፣ በሻይ ውስጥ ያለው ዝንጅብል ምንም አይደለም፣ ብላ። እኔ የምፈራው በማንኪያ እየተለካ እንደ መድኃኒት የሚወሰደውን ነው። አንዳንዱ ታክሮሊመስህን፣ ማለትም ሰውነትህ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የምትውጠውን መድኃኒት፣ ከደምህ በፍጥነት ያስወጣዋል፣ አንዳንዱ እንዲጠራቀም ያደርገዋል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የትኛው ምን እያደረገ እንደሆነ ማወቅ አትችልም። ግሬፕ ፍሩት የሚባለው ፍሬ መጠኑን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፣ እሱን ጨርሶ አትንካ።

«አቅም ጨምር» የሚለው ምክር ለአንተ አይሆንም። ሐኪሞችህ የሽማግሌውን አቅም ሆን ብለው ነው የቀነሱት። ብትችል እንኳን ከፍ ማድረግ ማለት ኩላሊትህ ላይ ማስነሳት ነው።

የአክስቴን ልጅ ታሪክ ልንገርህ። እሷም እንዳንተው ኩላሊት ተተክሎላት ነበር። ሳል ይዟት አንድ ክሊኒክ ስትሄድ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ሳይጠይቋት ክላሪትሮማይሲን ሰጧት። በቀናት ውስጥ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ክሬቲኒኗ ወጣ፤ ታክሮሊመሱ በደሟ ውስጥ ከልክ በላይ ተጠራቅሞ ነበር። ደግነቱ ቶሎ ተደረሰበት። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቶቿን ስም በወረቀት ጽፋ ከመታወቂያዋ ጋር ይዛ ትዞራለች፣ አንተም እንደዚሁ አድርግ። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ታክሮሊመስን በጣም ያወርደዋል። ለራስ ምታትና ለወገብ ብለህም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት እንዳትገዛ፣ ኩላሊቱን ራሱን ይጎዳሉ።

ቁርጥ አይሆንም። ሚንጃር ተቀምጦ ለገና ቁርጥ ተው ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተት፣ ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎና አይብ ለአንተ አደገኛ ናቸው። ጥብሱ በደንብ የበሰለ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት የምጽፍ እናት ነኝ። ልጄ ኩላሊት ከተተከለለት ሁለት ዓመት ሆነው። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ይዤው ልሄድ ተስያለሁ። ለሁለት ሳምንት መድኃኒቱን ላስቁመው?

መልስ፦ እማማ፣ ስለትዎን ይፈጽሙ፣ ጻድቃኔ ይድረሱ። መድኃኒቱን ግን ለአንድ ቀንም አያስቁሙት፣ እለምንዎታለሁ። ታክሮሊመስ ብዙውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደው ከደም ቶሎ ስለሚወጣ ነው። ሁለት ዓመት ሰላም ሆኖ መቆየቱ ሰውነቱ ኩላሊቱን ለምዶታል ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ስለያዘው ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚነሳው ሪጀክሽን ተመልሶ ላይበርድ ይችላል፣ ልጅዎም ወደ እጥበት ይመለሳል።

እኔ የማውቃቸው አባቶች መድኃኒቱን ጣሉ አይሉም፤ ሐኪሙንም ጥበቡን የሰጠው እግዚአብሔር ነው ይላሉ። ለንስሐ አባትዎ ያማክሩ፣ ለሐኪሙም ከመሄድዎ በፊት ይንገሩት። ሌላው የሚያሳስበኝ መጠጡ ነው። ከመሬት የሚፈልቅ ውሃ ለጤነኛ ሰው ምንም የማያደርግ ጀርም ሊኖርበት ይችላል፣ ለልጅዎ ግን ተቅማጥ ያመጣበታል፣ ተቅማጥ ደግሞ የታክሮሊመሱን መጠን ያዛባዋል። ተቅማጥ ከጀመረው ሰንበት ነው፣ በዓል ነው ሳይሉ ይዘውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያው ጉዳት ከተፈጥሯዊው መከላከያ የሚመጣ ከሆነ እሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ለምን አይሰጥም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለንቅለ ተከላ ሰው የሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች፣ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት፣ በዋናነት የሚይዙት ሽማግሌውን ነው። ፕሬድኒሶሎን ሁለቱንም ክንፍ ይነካል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል፣ ስኳር፣ አጥንት መሳሳት፣ የፊት ማበጥ። ተፈጥሯዊውን መከላከያ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ደግሞ አይቻልም። ኒውትሮፊል ያጣ ሰው በቆዳው ላይ በሚኖር ባክቴሪያ ሊሞት ይችላል፣ ቁስሉም አይጠግግም።

ስለዚህ ትልቁ ተስፋ ያለው ጩኸቱ እንዳይነሳ ማድረጉ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሞተ ሰው የሚወሰድ ኩላሊት በበረዶ ሳጥን ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይልቅ በማሽን ቀዝቃዛ ፈሳሽ እየተንቆረቆረበት ቢቆይ በኋላ ሥራ ለመጀመር የሚዘገየው ጥቂቱ ነው፤ ይህ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ንጽጽር ታይቷል። ኮምፕሊመንትን የሚያግድ ኢኩሊዙማብ የሚባል መድኃኒትም አለ፣ ለተወሰኑ ሕሙማን ይሰጣል፣ ዋጋው ግን የማይቀመስ ነው፣ ከመሰጠቱ በፊትም የማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኮምፕሊመንት ከሌለ ያ ባክቴሪያ ሜዳው የእሱ ነው። ሕክምና ወይም ባዮሎጂ የምትማር ከሆነ ይህን ዘርፍ አስብበት። ሥራው ገና ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ከዓለም ከተማ። አዲሱ ሲተከል አሮጌዎቹ ኩላሊቶች ይወጣሉ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይወጡም፣ ባሉበት ይተዋሉ። አዲሱ የሚቀመጠው ከፊት፣ ከሆድ በታች፣ በቀኝ ወይም በግራ ከዳሌ አጥንት ውስጠኛው በኩል ነው። እጅህን ብታሳርፍበት ይዳሰሳል። ቅርብ ስለሆነ ቀበቶ አታጥብቅበት፣ ከባድ ነገር ስትሸከምም ሆድህ ላይ አታስደግፍ። እዚያ ቦታ ሕመም ከተሰማህ፣ ሽንትህ ከቀነሰ፣ እግርህ ካበጠ ወይም ካተኮሰህ ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሂድ።